ከሞጣ የመጣው ፊርማ ፈላጊ

ትርሲት በዚያ ክረምት ስልኳን የእህል ጎታው ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። ለምን ብለው ለሚጠይቋት ሁሉ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው ትላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ስልኩ እጇ ላይ ከዋለ ሰማው ከሚባለው ልጅ መልእክት መጣ አልመጣ እያለች ስታየው መዋሏ አይቀርም፤ አለመምጣቱን ማየት ደግሞ ሰልችቷታል። የስንቱን ልጅ ልፋት ሸጦ እንዴት አንድ ቃል እንኳ ሳይተነፍስ ይቀራል?

ሰማው ደምለው የሞጣ ልጅ ነው። አባቱ አቶ ደምለው እህል በጅምላ የሚነግዱ፣ በገበያው ውስጥ ቃላቸው ከተፈረመ ውል እኩል የሚታመን ሰው ናቸው። ትርሲት ደግሞ የብቸና ልጅ ናት፤ የቅኔ መምህሩ የመሪጌታ ወልደ ኪዳን የመጨረሻ ልጅ። ሁለቱ የተገናኙት ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሁለተኛ ዓመት ሳሉ ነው። እሱ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ እሷ አማርኛ ትማራለች። ሰማው ከጓደኞቹ ጋር «አራሚ» የሚባል ፕሮግራም ጀምሮ ነበር፤ በኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ ውስጥ የፊደል ስህተት እየፈለገ የሚያርም። ቃላት የሚሰበስቡ በጎ ፈቃደኞች ፈልጎ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። በዚያች አጭር ማስታወቂያ ላይ «ጽሑፍ» የሚለውን ቃል በሄደበት ሁሉ በተለያየ ፊደል ጽፎት ነበር።

ትርሲት አላስቻላትም። በቀይ እስክሪብቶ አረመችውና ከሥሩ «የሚያርመውን ማን ያርመዋል?» ብላ ጻፈችበት። በማግስቱ ስታልፍ «አንተ ወይም አንቺ» የሚል መልስ ከሥሩ ተጽፎ አገኘች፤ የሚሠሩበት ክፍል ቁጥርም አብሮ ነበር። ሳቋ መጣ፤ ሄደችም።

አራሚ በዓመት ውስጥ አደገ። ኮዱ ለማንም ክፍት ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ስለተቀመጠ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎች መጡ፤ ከነሱ ጋርም ጠብ መጣ። ግማሾቹ አንድ «ሀ» ይበቃል፣ የቀሩት ይጣሉ አሉ። ግማሾቹ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ግዕዙ ይጠበቅ አሉ። እነዚያ እነዚህን «ደብተራዎች» ሲሏቸው፣ እነዚህ እነዚያን «ፊደል ቆጣቢዎች» አሏቸው። ሰማው ሁለቱንም ዓይነት ዝርዝር አዘጋጅቶ ተጠቃሚው ይምረጥ እስኪል ድረስ ሰላም አልነበረም። ትርሲት ደግሞ እረፍት በመጣ ቁጥር ብቸና እየሄደች የአባቷን የግዕዝ ግስ እውቀት ቃል በቃል እየጠየቀች ታስገባለች። መሪጌታ ወልደ ኪዳን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሳቸው ሳይከፍሉ የተማሩትን ሌላውም ሳይከፍል እንዲማርበትና ማንም አጥር እንዳያጥርበት። ሰማው እሺ አለ። በአፉ ነበር እሺ ያለው፤ አልተጻፈም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ተሰብስቦ የሚያከራክሩ ቃላትን አንድ በአንድ ሲያይ «ፍቅር» ላይ ደረሰ። ሰማው ቃሉን ከስክሪኑ ላይ አነበበና «በዚህ ላይ ክርክር ያለው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልተናገረም፤ በቃሉ ውስጥ የሚያጣላ ፊደል የለበትም። ሰማው ግን ዓይኑን ወደ ስክሪኑ አልመለሰም። ትርሲትን እያየ ቆየ። እሷም ከፊቷ ያለውን የቃላት ዝርዝር ማገላበጥ ጀመረች።

ከዚያ በላይ አንዳቸውም ምንም አላሉም ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው፣ ክረምቱ ገብቶ ሁሉም ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ፣ የቡድኑ አባልና የልብ ጓደኛዋ ወይንእሸት ከአምበር የደወለችላት። አቶ ደምለው አራሚን ለአንድ የአዲስ አበባ አሳታሚ ሸጡት አለቻት። ሰማውም ከአባቱ ጋር ለውሉ አዲስ አበባ ወርዷል። አስናቀው የሚባለው ልጅ ወሬውን ሰምቶ በቡድኑ ገጽ ላይ የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት ጽፏል። ትርሲት መጀመሪያ አላመነችም። ለሰማው እውነት ነው ወይ ብላ ጻፈችለት። ቀን አለፈ፤ ሌላ ቀን ተደገመ፤ መልስ የለም። አባቷ ከማኅሌት ሲመለሱ ፊታቸውን ማየት አፈረች። ከዚያ ወደ ቡድኑ ገጽ ገባችና የእኔና የአባቴ ቃላት በሙሉ ይውጡ ብላ ጻፈች። ገጹ ለሁለት ተከፈለ። እኛም የኛን እናወጣለን የሚለውም፣ ድርሻችን ይሰጠን የሚለውም በረከተ። እሷ ስልኩን ጎታው ላይ አስቀመጠችው። ንዴቷ ሲበርድ ከሥሩ ናፍቆት እንዳለ አወቀች፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት ልብስ እያሰጣች ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ከቤቱ ጀርባ የቅኔ ተማሪዎቹ ግስ ሲያዜሙ ይሰማል። በሩን ስትከፍተው ሰማው ቆሟል። እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሷል፤ ጃኬቱን ከራሱ ይልቅ በብብቱ ለያዘው የላስቲክ ክላሰር አልብሶታል።

ደስታዋ ከቁጣዋ ቀድሞ መጣ፤ ፊቷ ላይ እንዳይታይባት ወደ ልብሱ ዞረች።

ሰማው ቆሞ ሁሉንም ነገራት። አባቱ ሳያማክሩት ለአሳታሚው ቃል ገብተው ነበር፤ እሱም ጉዳዩን የሰማው አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ፣ ከሰውየው ጠበቃ ፊት ተቀምጦ ነው። ጠበቃው መጀመሪያ የጠየቀው ፕሮግራሙ በምን ፈቃድ ነው የተለቀቀው ብሎ ነበር። ኮዱን ክፍት አድርገው ኢንተርኔት ላይ ሲያስቀምጡ ፈቃድ የሚባል ነገር መጻፍ ማንም ትዝ አላለውም። እንግዲያው አለ ጠበቃው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ የየጸሐፊው ነው፤ ሁሉም ካልፈረሙ መሸጥም አይቻልም፣ ያለ ስጋት መጠቀምም አይቻልም። ከዚያ የሽያጩን ወረቀት አወጣና ልጆቹን ሁሉ አስፈርም አለው። ሰማው እዚያው ጠረጴዛው ላይ አልሸጥም አለ። አባቱ ከአዲስ አበባ እስከ ደጀን አንድ ቃል አልተናገሩትም፤ ከደጀን በኋላም የተናገሩት ጥቂት ነው።

ሰማው የሽያጩን ወረቀት ትቶ ነፃ ፈቃድ መረጠ። ማንም ይውሰደው፣ ማንም ያሻሽለው ይላል ፈቃዱ፤ ለሌላ ሲያስተላልፈው ግን እንደተቀበለው ክፍት አድርጎ ያስተላልፍ። ሁሉም የሚፈርሙትን እንዲያውቁ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ከዚያ ቤት ለቤት እየዞረ አስፈረመ። አስናቀው ብዙ አስቸግሮት በመጨረሻ ፈረመ። የቀሩት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው።

«ይህን በስልክ መጻፍ አቃተህ?» አለችው።

«ብጽፍልሽ ታምኚኝ ነበር?»

እንደማታምነው ታውቃለች። ቀጥሎ የሚናገረውን ጠበቀች፤ በመንገድ ላይ ሊነግራት ያሰበው ሌላ ነገር እንዳለ ዓይኑ ይናገራል። እሱ ግን ክላሰሩን ከጃኬቱ ውስጥ አውጥቶ ዘረጋላት። ትርሲት አልተቀበለችውም።

«ሰማው፣ የመጣኸው ለፊርማው ነው ወይስ ለኔ?»

ከፀጉሩ የሚንጠባጠበው ውሃ በፊቱ ላይ ወረደ። ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ።

«ለፊርማው» አለ።

እርጥቡን ልብስ ቅርጫት ውስጥ መልሳ ወደ ቤት ገባችና አባባ፣ ከሞጣ የመጣ ፊርማ ፈላጊ ይፈልግዎታል አለች። ድምጿ አልተሰበረም። ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር።

መሪጌታ ወልደ ኪዳን እንግዳቸውን እግሩን አስታጥበው፣ እሳት ዳር አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው ፈቃዱን ከራስጌው እስከ ግርጌው አነበቡ። የወደዱት ክፍል ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የተቀበለ እንደተቀበለው ይስጥ የሚለው ላይ ሲደርሱ ይህ የኛ የቅኔ ቤት ሕግ ነው፤ እናንተ ከየት አገኛችሁት ብለው ጠየቁት። ትርሲት ከጓዳ ሆና ትሰማለች። አባቷ ልጁን እየወደዱት መሆኑ ከድምፃቸው ይታወቃል፤ እሷን ለማስከፋት ብለው የሚያደርጉት እስኪመስላት ድረስ።

ከዚያ አንድ መስመር ላይ ቆሙ። «ያለ ምንም ዋስትና» ይላል።

«ይህ ምን ማለት ነው?» አሉ። «አስተማሪ ተሳስቼ ባስተምርህ አይመለከተኝም ይላል?»

ሰማው ሕጉ እንደዚያ እንደሚያስገድድ፣ ይህ ካልተጻፈ አንድ ሰው ፕሮግራሙ አሳሳተኝ ብሎ ልጆቹን ፍርድ ቤት ሊያቆማቸው እንደሚችል በትሕትና አስረዳቸው። መሪጌታ አልተዋጠላቸውም። እኔ ለሰጠኋቸው ቃላት ዋስ ነኝ፤ ይህን ከፊርማዬ ሥር እጽፋለሁ አሉ። ሰማው ተጨነቀ፤ ፈቃዱ ላይ መስመር ከተጨመረ የሌሎቹ ሁሉ ፊርማ እንደገና ሊሰበሰብ ነው። ያን ጊዜ ትርሲት ሳታስበው ከጓዳ ወጣች። ዋስትናው ፈቃዱ ላይ ሳይሆን በቃላቱ ዝርዝር መግቢያ ላይ ይጻፍ፤ እዚያ የአባቴ ስም አለ፣ ዋስነታቸውም እዚያ ይሁን አለች። አባቷ ትንሽ አሰቡና ፈገግ አሉ። ሰማውም ቀና ብሎ አያት። ያን አስተያየት «ፍቅር» የሚለው ቃል ላይ ከደረሱበት ቀን ጀምሮ ታውቀው ነበር።

ነገር ግን መሪጌታ ብዕሩን አላነሡም። አባትህ ምን አሉ ብለው ጠየቁት። ሰማው አቀረቀረ።

«እንግዲያው አልፈርምም፤ ገና ነው» አሉ። «አባትና ልጅን በለየ ወረቀት ላይ እጄን አላኖርም። አንተ ዛሬ ሂድ። እኔ ሞጣ እመጣለሁ፤ ትርሲትም ትመጣለች። አባትህ ከሰሙ በኋላ እፈርማለሁ።»

ትርሲት እኔ ምን ላደርግ ልትል አስባ ነበር፤ አላለችም። ልብሷን ስትመርጥ ማምሸቷን ግን ለማንም አትናገርም።

ሞጣ የደረሱት በደብረ ወርቅ በኩል በሚያልፈው አውቶቡስ፣ መንገዱ እያንገጫገጫቸው፣ ገበያው ሳይፈታ ነው። አቶ ደምለው እህል መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው ነበር። መሪጌታን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አነሡና የኔታ ይግቡ ብለው እጃቸውን ይዘው ወደ ቤት አስገቧቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ፀሐይነሽ ጠላ ቀዱ። ልጃቸው ጥግ ላይ ቆሟል፤ አባትየው ወደዚያ ጥግ አያዩም።

ሰላምታው አልቆ ነገሩ ሲነሣ አቶ ደምለው ለመቆጣት ሞከሩ፤ የወጣው ግን ቁጣ ሳይሆን ሐዘን ነበር።

«የኔታ፣ እኔ ገንዘብ አላጣሁም» አሉ። «በዚህ ገበያ ውስጥ ያጠፍኩት ቃል የለም። ለሰውየው ቃል ሰጠሁ፤ ልጄ በሰው ፊት አሳጠፈኝ። እኔን የገደለኝ ይህ ነው።»

ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ከመሪጌታ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰማውም ጥፋቱን አሁን ገና ያየው ይመስል ፊቱ ተለወጠ። ትርሲት ጠላውን አስቀመጠች።

«አቶ ደምለው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለሰውየው ምን ብለው ነበር ቃል የሰጡት?»

«ምን እላለሁ? ፕሮግራሙ እጅህ ይገባል አልኩት።»

«ብቻህን ትይዘዋለህ ብለውታል?»

አቶ ደምለው አሰቡ። እንደሱ ያለ ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ጠበቃው ነው ያመጣው።

«እንግዲያው ቃልዎ አልታጠፈም» አለች። «እኛ ስንፈርም ዛሬውኑ እጁ ይገባል። መጽሐፉን ያርምበት፣ ያሳትምበት፣ ይነግድበት። የማይፈቀድለት ሌላው እንዳይገባ በሩን መዝጋት ብቻ ነው።»

አቶ ደምለው አዩዋት። መንገዱን አልሸጥንለትም፣ በመንገዱ ግን እህሉን ያመላልስ ነው የምትይኝ አሉ። እሷም አዎን አለች። አቶ ደምለው ስልካቸውን አውጥተው አሳታሚው ጋ ደወሉ። ሰውየው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ብዙም አጉረመረመ። ከዚያ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል ብሎ ጠየቀ። አቶ ደምለው ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን አዩት።

«እኛ እንጠግናለን» አለ ሰማው። «ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ለጥገናው ግን እንዋዋላለን።»

«አሁን ገና የነጋዴ ልጅ ሆንክ» አሉ አባቱ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ሲስቁ ቤቱ አብሯቸው ሳቀ። መሪጌታ ብዕር አምጡልኝ አሉ።

መሪጌታ ፈርመው ከአቶ ደምለው ጋር ጨዋታ ከያዙ በኋላ ትርሲት ፊርማዋን ልታኖር መጋዘኑ ውስጥ ገባች፤ ጠረጴዛ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ሰማው ወረቀቱን ይዞ ተከተላት። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀምሯል። በስንዴና በማሽላ ጆንያ መሀል ቆማ ስሟን ጻፈች፤ ፈረመች። ወረቀቱን መለሰችለት። ይኸው፣ የመጣህበትን አገኘህ አለችው። ስቃ ልትለው ነበር ያሰበችው፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ሰማው ወረቀቱን ክላሰሩ ውስጥ ከተተ፤ ክላሰሩን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠና ባዶ እጁን ወደ እሷ ተመለሰ።

«አሁን ከአንቺ የምፈልገው ፊርማ የለም» አለ።

«የለም።»

«ትርሲት፣ ብቸና ላይ ስትጠይቂኝ ዋሸሁሽ። ፊርማሽ ገና በእጅሽ ነበር። ያን ጊዜ ላንቺ ነው የመጣሁት ብልሽ፣ ብትፈርሚ ለኔ ብለሽ ፈረምሽ፣ ባትፈርሚ እኔን ጠልተሽ ተውሽው እያልኩ እድሜዬን ሙሉ ስጠራጠር እኖራለሁ። ፍቅሬን ለፊርማ መያዣ ማድረግ አልፈለግሁም። በገዛ ፈቃድሽ እንድትፈርሚ ፈለግሁ። ስትገቢ ጀርባሽን እያየሁ እንዴት እንደቆምኩ...»

ትርሲት እነዚያን የክረምት ቀናት ሁሉ፣ ጎታውን፣ ጨለማውን ስልክ፣ እርጥቡን ልብስ በአንድ ጊዜ አሰበች። ልትቆጣው ፈለገች፤ በምን? እሷ የምትወደው ሰው እንዲህ ያለ መሆኑን ታውቅ ነበር፤ ያወቀችውን ነው የካደችው። እንባዋ ሳይታዘዝ መጣ። ከእንባዋም ጋር ሳቋ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችው።

«ከቀይዋ እስክሪብቶ ጀምሮ።»

«እና ይህን ሁሉ ዘመን ምን ይዞህ ነው?»

«አንቺ የየኔታ ልጅ ነሽ። እኔ ደግሞ ጽሑፍ የሚለውን ቃል እንኳ አስተካክዬ አልጻፍኩም ነበር።»

እጁን ዘረጋ። እሷም እጇን ሰጠችው። እጁ የእህል አቧራ ነክቶት ሻካራ ሆኗል። አንድ ጆንያ ላይ ተደገፈች።

ዝናቡ ቀነስ ሲል እጇን ቀስ ብላ አወጣችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው። «ከምርቃታችን በኋላ ግን። ከዚያ በፊት ብትልክ እምቢ አስብልሃለሁ።»

ሰማው እየሳቀ ክላሰሩን ከሚዛኑ ላይ አነሣ።

በማግስቱ ጠዋት ትርሲትና አባቷ ወደ ብቸና በሚመለሰው አውቶቡስ ላይ ተቀምጠዋል። ሰማይ ጠርቷል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፉ ማሳ አረንጓዴ ሆኗል። ወይንእሸት ፈቃዱ ገጹ ላይ መውጣቱን፣ «ደብተራዎቹ»ና «ፊደል ቆጣቢዎቹ» ፈቃዱ ውስጥ «ሕግ» በየትኛው «ህ» መጻፍ አለበት ብለው ገና ከጠዋቱ መጣላት እንደጀመሩ በስልክ ነገረቻት። ትርሲት ለብቻዋ ሳቀች። ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመልሷል።

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። አባቷ ተኝተዋል ብላ ስታስብ ተናገሩ።

«ያ ልጅ ሽማግሌ ሲመርጥ» አሉ፣ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳያነሡ፣ «ግስ የማያውቅ ሰው እንዳይልክብኝ ንገሪው። ተሳስቶ የተናገረ ሽማግሌ እመልሳለሁ።»

ትርሲት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አውቶቡሱ ሲያንገጫግጫት ትከሻዋ ከአባቷ ትከሻ ጋር ተነካካ፤ እዚያው ተወችው። ከነጠላው ሥር ፈገግታዋ እስከ ብቸና አልጠፋም።